ሌሊቱን ያጠፋሁበት ምሽት

የሥራ መደቤ ወረቀት ላይ ሲነበብ ያስከብራል፤ «የምስልና ድምፅ ባለሙያ» ይላል። በተግባር ግን ፋይል መቀበል፣ ሰብታይትል መግጠም፣ ፕሮጀክተር ማብራት፣ ማይክ ሲያፏጭ ሮጦ መቀነስ ነው። የምሠራበት የባህል ማዕከል በወር ሁለት ምሽት የቆዩ ሆረር ፊልሞችን ሊያሳይ ሲወስን ዝግጅቱ እኔ ላይ ወደቀ። ያኔ ጥቁርና ነጭ ፊልም ማየት ለኔ ቅጣት ነበር። እውነቴን ነው። ካሜራው አይንቀሳቀስ፣ ተዋናዩ ዓይኑን ያጉረጠርጣል፣ በቃ።

መጀመሪያ የተመረጠው «ኖስፌራቱ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ሙርናው የሚባል ጀርመናዊ የሠራው ድምፅ አልባ ፊልም። ፋይሉን ስከፍተው አንዱ ትዕይንት ሰማያዊ ነው፣ የሚቀጥለው ቢጫ፣ አለፍ ሲል ደግሞ ሮዝ ነገር። ተበላሽቷል አልኩ። የድሮ ፊልም ጥቁርና ነጭ መሆኑን የማያውቅ አለ እንዴ? ቀለሙን ጎትቼ ዜሮ ላይ አቆምኩት። ትንሽ ቆይቶ ሠረገላ በጫካ ውስጥ ሲያልፍ ድንገት ዛፎቹ ነጭ፣ ሰማዩ ጥቁር ሆኖ መጣ። «ይኼን ደግሞ ማን ገለበጠው?» ብዬ መልሼ ገለበጥኩት። ማሽኑ አዲሱን ፋይል እንዲያወጣ ሬንደር ላይ አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ጠዋት አለቃዬን «ፊልሙ ብዙ ችግር ነበረበት፣ አጸዳሁት» አልኳት፣ እሷም «ጎበዝ» አለችኝ። ፊልሙን ግን ከዳር እስከ ዳር አላየሁትም። እየዘለልኩ ነው የነካካሁት።

ምሽቱ ደረሰ። አዳራሹ ከጠበቅነው በላይ ሞላ። መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም ሰላም ነበር። ችግሩ የመጣው ደም መጣጩ ኦርሎክ ከተማ ገብቶ የሬሳ ሳጥኑን ታቅፎ በጎዳናው ላይ ሲሄድ ነው። ግድግዳው ሁሉ ፀሐይ ይመታዋል። ሰውዬው በጠራራ ቀን ሳጥን ተሸክሞ ቤት የሚለቅ ተከራይ መስሎ ቁጭ አለ። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁለት ሆኑ። እኔም ከላይ ከማሽን ክፍሉ ሆኜ ፈገግ አልኩ፤ «የድሮ ፊልም እንዲህ ነው» ብዬ።

መጨረሻው ላይ ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ሴትየዋ ደም መጣጩን እስኪነጋ አጠገቧ ታቆየዋለች፣ ዶሮ ይጮኻል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ኦርሎክም ጭስ ሆኖ ይጠፋል። ፊልሙ በሙሉ ለዚህች ደቂቃ የተሠራ ነው። ከአዳራሹ መሃል አንዱ ጮክ ብሎ «እንዴ! እስካሁን በፀሐይ ሲንሸራሸር አልነበር?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ለአንድ ሞት እንዲህ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

መብራት ሲበራ አንድ ሽማግሌ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው ወደኔ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲኒማ ቤት ውስጥ የፊልም ጥቅልል ሲያሽከረክሩ የኖሩ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ከማዕከሉ አይጠፉም፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ልጄ፣ ሌሊቱን የት አደረስከው?»

«የቱን ሌሊት ጋሼ?»

«ሰማያዊውን ነዋ!»

የዚያን ጊዜ የፊልም ጥሬ ዕቃ ለብርሃን ደካማ ስለነበር ሌሊት ከቤት ውጭ መቅረጽ አስቸጋሪ ነበር አሉኝ። ስለዚህ የሌሊቱን ትዕይንት በቀን ይቀርጹትና የታተመውን ፊልም ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይነክሩታል። ሰማያዊ ሌሊት ነው፣ ቢጫ የመብራት ብርሃን ነው፣ ሮዝ ንጋት ነው። ተመልካቹ ለምዶታል፣ ማንም አያስረዳውም። እኔ ቀለሙን ሳጠፋ ኦርሎክ የሚንቀሳቀስበትን ሌሊት ሁሉ ቀን አደረግኩት ማለት ነው። ይባስ ብሎ፣ ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው «ድራኩላ» ልቦለድ ውስጥ ደም መጣጩ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ በቀንም ይወጣል። ፀሐይ ትገድለዋለች የሚለውን ያመጣው ይኼው ፊልም ነው። እኔም ቆርጬ የጣልኩት እሱኑ ነው።

«ነጩ ጫካስ?» አልኳቸው፣ ድምፄ እያነሰ።

«እሱን ነክተኸዋል እንዴ?» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ሙርናው ያቺን ቁራጭ ሆን ብሎ በኔጋቲቭ፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ሆኖ፣ ነው ያስገባት። በሠረገላው የተሳፈረው ሰውዬ ከኛ ዓለም ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሻገር ዓለሙ ይገለበጣል። እኔ ደግሞ አስተካክዬ ተራ መንገድ አደረግኩለት።

በነገራችን ላይ ይኼ ፊልም ያለ ፈቃድ ከስቶከር መጽሐፍ ስለተወሰደ የደራሲው ሚስት ከሳ አሸንፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲወድሙ አዝዞ ነበር። ከጥፋቱ ያመለጡ ቅጂዎች ናቸው ለኛ ያደረሱት። ፍርድ ቤት ያቃተውን እኔ በሁለት ክሊክ ልጨርሰው ነበር።

በማግስቱ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ «ያጸዳሁት ቆሻሻ አልነበረም» አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ዝም ብላ አየችኝና፣ «መልሰህ አሳይ፣ ከመጀመሩ በፊትም ወጥተህ ንገራቸው» አለች። ሰው ፊት ቆሞ ማውራት አልወድም። ግን ወጥቼ ነገርኳቸው።

በድጋሚው ምሽት ሰው በግማሽ ቀንሷል። ያቺ የሬሳ ሳጥን ትዕይንት በሰማያዊ ስታልፍ ማንም አልሳቀም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጬ ሙሉውን አየሁት፤ የኦርሎክ ጥላ ብቻ በደረጃው ላይ ሲወጣ፣ ጣቶቹ ረዝመው ወደ በሩ ሲዘረጉ፣ ቀጥሎም የእጁ ጥላ የሴትየዋ ደረት ላይ መጥቶ ልቧን ሲጨብጥ። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። ማታ ቤቴ ስገባ የራሴ ጥላ ደረጃው ላይ ቀድሞኝ ሲወጣ መብራቱን ሁሉ አበራሁ፤ ይኼን ለመሥሪያ ቤት ሰው አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ፊልም ሳልነካ ሁለት ጊዜ አያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣውን «ካት ፒፕል» ሳይ ሴትየዋ ሌሊት ብቻዋን ትሄዳለች፣ ከኋላዋ የምትከተላት ሴት ኮቴ ይሰማል፣ ኮቴው ድንገት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ የሆነ አውሬ ጉርምርምታ የሚመስል ድምፅ ሲፈነዳ ወንበሬን ያዝኩ። አውቶቡስ ነው። ፍሬኑ ነው! የድሮው ጣቴ ቢሆን «ድምፁ በዛ» ብሎ ይቀንሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. የ1931ዱ «ድራኩላ» ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የመክፈቻውን ሙዚቃና የቲያትር ቤቱን ትዕይንት ካነሳህ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። ድራኩላን የሚጫወተው ቤላ ሉጎሲ ዝም ብሎ ያያል፣ አዳራሹም ዝም ነው። አለቃዬ «ሰው ድምፅ ማጉያው ተበላሸ ይላል፣ ከሥር ትንሽ ሙዚቃ አስገባበት» አለችኝ። እምቢ አልኩ። በምትኩ በትልቅ ፊደል «ድምፁ አልተበላሸም፣ ፊልሙ እንዲህ ነው» ብዬ ጽፌ መግቢያው በር ላይ ለጠፍኩ።

ፊልሙ በተጀመረ በሃያ ደቂቃው የማሽን ክፍሌ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሼ ናቸው። «ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ድምፁን ምን አደረግከው?» ደንግጬ ወደ ማሽኑ ስዞር፣ ከኋላዬ በሳቅ ሲንፈቀፈቁ ሰማኋቸው።