«ፈራሁ» ያለችኝን «ሠራሁ» ብዬ ሰማሁ

ጆሮዬ መጎዳቱን ያወቅሁት ፋብሪካ ውስጥ ሆኜ አልነበረም። አንድ ማታ ልጄ ከሚቀጥለው ክፍል «አባዬ፣ ፈራሁ» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ሠራሁ» ስትል ነው። የቤት ሥራዋን የጨረሰች መስሎኝ «ጎበዝ!» አልኳትና ዝም አልኩ። ጥቂት ቆይታ እያለቀሰች መጣች። ፈ እና ሰ ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ በጩኸት የተጎዳ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው እንዲህ ያሉትን ነው።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል 19 ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ የምንግባባው በከንፈርና በእጅ ምልክት ነው። አዲስ የሚገባ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ማታ ጆሮው ይጮህበታል፤ እኛ ነባሮቹ «አይዞህ፣ ይለመዳል» እንለዋለን። እኔም ተብያለሁ፤ ለስንቱም ብያለሁ። ዛሬ ይህ ቃል ያንገበግበኛል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን የሚቀበሉ ጸጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ ጩኸት ሲገድላቸው በሰው ጆሮ ውስጥ ተመልሰው አይበቅሉም። «ለመድኩት» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ጩኸቱን ይሰማበት የነበረውን የጆሮውን ክፍል አጥቷል።

ካሳ ለመጠየቅ ስነሣ የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ራሴ ነኝ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ምርመራ ሄድኩ። ውጤቱ በጣም መጥፎ ሆነ፤ እኔም ማስረጃ አገኘሁ ብዬ ለአስተዳደሩ አስገባሁት። መልሱ አጭር ነበር፦ ከጩኸት እንደወጣ የተመረመረ ጆሮ ለጊዜው ስለሚደነዝዝ ወረቀቱ ዘላቂ ጉዳት አያሳይም። ተናደድኩ፤ ነገር ግን እውነታቸውን ነበር። ሐኪሙም ከምርመራው በፊት ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት መራቅ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ከዓመት ፈቃዴ ወስጄ ሦስት ቀን ጸጥ ባለ ቦታ ቆየሁና ተመልሼ ሄድኩ።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው «ዕድሜ ነው» የሚል ሆነ። እዚህ ላይ ሐኪሙ ያደረገልኝን አልረሳም። የምርመራውን ግራፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መስመሩን በእስክሪብቶው ጫፍ ተከተለው። ከወፍራሞቹ ድምፆች ተነሥቶ ደህና ይሄዳል፤ ከቀጫጭኖቹ ድምፆች 4000 ሄርትዝ (ሄርትዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ላይ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል፤ 8000 ላይ መልሶ ከፍ ይላል። በሁለቱም ጆሮዬ ያው ነው። «ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁልቁለቱ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም» አለኝ። ያችን ጎድጓዳ ቦታ ከበባትና ከሥሯ የሥራዬን ዓይነትና 19 ዓመቱን ጻፈ። የጆሮ ኢንፌክሽን፣ ጆሮን የሚጎዳ መድኃኒት፣ የጦር መሣሪያ ተኩስ ገጥሞኝ እንደሆነም አንድ በአንድ ጠይቆኝ ነበር፤ ሁሉንም «የለም» ብሎ መመዝገቡ በኋላ በጣም ጠቀመኝ።

የጩኸቱን መጠን ማስረዳት ቀረ። በሠራተኛ ማኅበራችን ጥያቄ አንድ የደህንነት ባለሙያ መጥቶ ለካ፤ በእኔ ማሽን አጠገብ 97 ዴሲቤል ተመዘገበ። ብዙ አገሮች የሚከተሉት ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ያለ መከላከያ መቆየት የሚቻልበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 2 ሰዓት፣ በ94 1 ሰዓት። በ97 ግማሽ ሰዓት። እኔ በየፈረቃው 8 ሰዓት ቆሜበታለሁ። ባለሙያው ይህን ሲያሰላ አብረውኝ የነበሩት ሠራተኞች አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም።

የድርጅቱ የመጨረሻ መከላከያ «የጆሮ መድፈኛ ሰጥተናል» የሚል ነበር። ይህ ቢጸናለት ጉዳዬ ይዳከም ስለነበር የግምጃ ቤቱ መዝገብ እንዲቀርብ ጠየቅን። በ19 ዓመት ውስጥ ከስሜ ፊት ለፊት የተገኘው ሁለት ፊርማ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ተጠቅመው ለሚጥሉት የስፖንጅ መድፈኛ። አጠቃቀሙን ያሳየን ሰውም አልነበረም። ስፖንጁን በጣት አድቦልቡለው ካላቀጠኑት፣ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ጎተት አድርገው ካላስገቡት ደጃፉ ላይ ይቀራል፤ ጩኸቱን የመከልከል አቅሙም በጣም ይቀንሳል።

በጩኸት የሚመጣ የመስማት ጉዳት በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ሰፍሯል። ችግሩ እጁ የተሰበረ ሰው የተሰበረበት ቀን ሲታወቅ የእኛ ጉዳት ቀን የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ይርጋው፣ ማለትም ካሳ ለመጠየቅ ሕግ የሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር የሕግ ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአገር አገር ይለያያል፤ አንዳንዱ ሠራተኛው ጉዳቱ ከሥራው መምጣቱን ካወቀበት ቀን ይቆጥራል፤ ሌላው ከጩኸቱ ቦታ ከወጣበት ቀን። በዚያው ክፍል አብረውኝ ሠርተው ቀድመውኝ ጡረታ የወጡ አንድ አባት ነበሩ። ከእኔ የባሰ አይሰሙም። ወረቀታቸውን ይዘን ስንሄድ ጊዜው አልፎባቸዋል ተባልን። ደረጃው ላይ ሆነው «ምን አሉ?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ በመጨረሻ ጽፌ አሳየኋቸው።

የእኔን ጉዳት መጠን የሕክምና ቦርዱ በመቶኛ ወስኖልኝ ካሳው ተከፈለኝ፤ የመስማት መርጃ መሣሪያም ተፈቀደልኝ። ሌሊት ሌሊት ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ነገር ግን አልተቆጠረም። እንቅልፍ የሚነሣኝ እርሱ ሆኖ ሳለ እንደ ጉዳት ስላላየሁት ለሐኪሙ አልነገርኩትም፤ ማመልከቻዬም ላይ አልጻፍኩትም።

በእኔ ማሽን ላይ አሁን የ22 ዓመት ልጅ ቆሟል። ሥራ ሳይጀምር ጆሮው እንዲመረመር ማኅበሩ ጠየቀና ተመረመረ፤ የእርሱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው። አንዱን ቅጂ ለድርጅቱ ሰጥቶ ሌላውን ቤቱ እንዲያስቀምጥ አደራ አልኩት።