ምዘናው ገና ላይ ወደቀ

ላሊበላ ውስጥ ባለ 12 ክፍል ሆቴል አለኝ። ስድስት የከተማውን ልጆች ቀጠርኩ፣ በሕጉ መሠረት 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሰጠሁ፣ ከአዲስ አበባ አንዲት አንጋፋ ባለሙያ ለአንድ ወር አስመጥቼ አልጋ ማንጠፍና መስተንግዶ አስተማርኳቸው። እስከዚህ ድረስ የሚወራ ነገር የለም።

ያንገበገበኝ የብቃት ምዘናው፣ ማለትም ሠራተኞቹ ሙያቸውን ተፈትነው ማረጋገጫ የሚያገኙበት ፈተና ነው። መስከረም ላይ ተመዘገብን፤ «ኅዳር ነው» ተባልን፤ ኅዳር አለፈ። በኋላ ስልክ ተደወለ፦ ታኅሣሥ 27፣ ወልድያ። ገና ደግሞ ታኅሣሥ 29 ነው። ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ በዓሉ የንጉሥ ላሊበላም ልደት ስለሆነ ነጭ የለበሰ ምእመን ኮረብታውን ሁሉ ይሞላዋል፣ ክፍል የሚባል አይገኝም። «እባክዎ፣ ገና እኮ ነው» ብላቸው «ገና የሁሉም ነው» አሉኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። የእኔ ጥፋት ይህ ነው፤ ፈራሁና አራቱን ላክኋቸው። ሲመለሱ መኪናው ሁሉ በተሳላሚ ተሞልቶ ለበዓሉ ሳይደርሱ ቀሩ።

በበዓሉ ጠዋት እንግዶቼ ሌሊቱን በብርድ ቆመው፣ ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ የሚዘምሩትን «ቤዛ ኩሉ» አይተው ተመለሱ። ትኩስ ሻይ የሚያቀርብላቸው አልነበረም። እኔ ወጥ ቤት፣ ባለቤቴ አንሶላ ላይ።

ከአራቱ የወደቀችው ደግሞ ጎበዟ ናት። እንግዳው ክፍል ውስጥ ያለው የመጠጥ ማቀዝቀዣ እንዴት እንደሚሞላ ጠየቋት፤ እኛ ዘንድ ማቀዝቀዣ ያለው ወጥ ቤት ብቻ ነው። ይህች ልጅ ግን እንግዳ ጫማውን አውልቆ ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ላይ ሲውል ቁንጫ ይዞ እንደሚመለስ ታውቃለች፤ ማንም ሳያዛት ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ አንሶላውን በየቀኑ ትቀይራለች። ይህን የጠየቃት የለም።

«መጀመሪያ አስመዝኑ፣ ከዚያ አሠሩ» ይባላል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ከገና እስከ ጥምቀት ያለውን ግርግር አንድ ጊዜ ይዩት፣ ምዘናው ቤቱ ጭር በሚልበት ክረምት ይሁን። የደመወዝ ጭማሪ ካለም በቅጥሩ ቀን በወረቀት አስፍሩ። አንድ አስተናጋጄ ሲለቅ ተናድጄ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከለከልኩት፤ በነፃ የመስጠት ግዴታ እንዳለብኝ ያወቅሁት ወሬው ከተማውን ካዳረሰ በኋላ ነው። ለወራት እኔ ዘንድ የሚያመለክት ጠፋ።

ጎበዟ ሐምሌ ላይ አለፈች፤ ዓመት ሳይሞላት ባሕር ዳር አንድ ትልቅ ሆቴል ወሰዳት። ደብዳቤዋን በዚያው ቀን ጻፍኩላት። የቁንጫውን ጉዳይም ጨምሬበት ነበር፤ ባለቤቴ አሠረዘችኝ።