የድሮ አናሎግ ሲንት ለምን ከቅኝት ይወጣል?

መቃኘት የጊታሪስት ጣጣ ነው፣ ኪቦርድ ደሞ ምኑ ይቃኛል የሚል ሰው የ1970ዎቹን አናሎግ ሲንት (ሲንተሳይዘር፣ ድምፁን በኤሌክትሪክ ሰርኪት የሚፈጥር ኪቦርድ) ነክቶ አያውቅም። እንደ ሚኒሙግ ያሉት ላይ ድምፁን የሚያመነጨው ኦሲሌተር የሚታዘዘው በቮልቴጅ ነው፣ 1 ቮልት ሲጨመርለት አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ወደላይ ይወጣል፣ ይሄን ስራ የሚሰሩት ትራንዚስተሮች ደሞ ሙቀት ሲነካቸው ፀባያቸው ይቀየራል፣ ስለዚህ እንዳበራኸው ወዲያው ብትቃኘው ውስጡ እየሞቀ ሲሄድ ቅኝቱም አብሮ ይንሸራተታል፣ የመድረክ መብራት ሲጨመርበትማ አይወራም። የሚያናድደው ሁሉም ኖታ እኩል አለመዛባቱ ነው! መሀል ላይ ልክ የነበረው ሁለት ኦክታቭ ከፍ ስትል ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቅሀል፣ ዋናውን የቅኝት ማዞሪያ ብታሽከረክረው ደሞ መሀሉን ታበላሸዋለህ።

በ1978 የወጣው ፕሮፌት 5 የሚባል ሲንት በተን ሲጫኑት ራሱን ይቃኛል። በኋላ የመጡት እነ ጁኖ 106 ኦሲሌተሩን በዲጂታል ክሎክ (እኩል እየመታ ልኩን በሚጠብቅ ምልክት) ተቆጣጠሩትና ገላገሉን፣ ለኔ ግን ሁለት ኦሲሌተር ትንሽ ሲለያይ የሚመጣው ወፍራም ድምፅ ይበልጥብኛል።

ሀሞንድ ኦርጋን ደሞ ሌላ ጉድ ነው፣ ድምፁ የሚመጣው በሞተር ከሚሽከረከሩ ጎማዎች ነው፣ ሞተሩ የሚዞረው ደሞ በኤሌክትሪኩ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ ለ60 ኸርዝ የተሰራውን 50 ላይ ብትሰካው ሶስት ሴሚቶን (ጥቁሩንም ነጩንም ቆጥረህ ሶስት ቁልፍ) ያህል ይወርዳል።