መልሱን ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው ጥያቄ

አዳማ ውስጥ ኮሌጅ ላይ ለጀማሪዎች ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው የምንሠራው። ተማሪዎቼ ከከተማው፣ ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከአሰላ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ኮምፒውተር የሚነኩት ላብ ሲገቡ ብቻ ነው።

መማሪያ መጻሕፍቱ ላይ የሚገኙት ልምምዶች ይመሳሰላሉ፦ ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ አንድ ቁጥር ያሉትን ማባዛት)፣ ፊቦናቺ (እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር የሆነበት ተርታ)፣ ፋራናይትን ወደ ሴልሺየስ መቀየር። ከባዶች ስለሆኑ አይደለም የተውኳቸው። ተማሪው ኮዱን ጽፎ አንድ ቁጥር ሲወጣለት ልክ ይሁን ስህተት በራሱ መለየት አይችልም። እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ልክ ነው?» ይላል። መጥቼ እስካይለት ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ፕሮግራመር ደግሞ እንዲህ ሆኖ አይወጣም።

ስለዚህ መልሳቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቋቸውን ጥያቄዎች መስጠት ጀመርኩ።

በሰዓት ጀመርን። ኮምፒውተሩ 13:00 ሲል እኛ ሰባት ሰዓት እንላለን። 6 ቀንሶ፣ ለ12 አካፍሎ፣ ቀሪውን መውሰድ ነው። በ13 ሞከሩት፣ 7 ወጣ። በ20 ሞከሩት፣ 2 ወጣ። ከዚያ አንዷ የጠዋቱን 6:00 አስገባች፤ ስክሪኑ «0 ሰዓት» አላት። ዜሮ ሰዓት የሚባል ነገር እንደሌለ ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ቀሪው 0 ሲሆን 12 በል የሚለውን መስመር ራሷ ጨመረች። ሌላው የሌሊቱን 3:00 ሞከረ። ከ3 ላይ 6 ሲቀነስ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ፓይተን ግን ቀሪውን 9 አደረገው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ልክ ነው! በሲ ቋንቋ ቢሆን ከዜሮ በታች 3 ይወጣ ነበር። ስለ ቀሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት እኔ መስጠት አልችልም።

ጳጉሜንም እንዲሁ ነው። የእኛ ዓመት ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፣ እንደ 2015። ከፈረንጆቹ ደንብ ለምደው ቀሪውን 0 ብለው የጻፉት 2016ን ሲያስገቡ ጳጉሜን 6 ቀን ስላላቸው ወዲያው ነቁ።

በጣም የምወደው ግን የፊደሉ ልምምድ ነው። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የ«ሀ» ቁጥር 4608፣ የ«ለ» ደግሞ 4616 ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ 8 ቦታ ተሰጥቶታል፤ 7ቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ሲሆኑ፣ በ«ለ» ቤት ስምንተኛው የ«ሏ» ነው። ከፊደሉ ቁጥር ላይ 4608 ቀንሰን ለ8 ካካፈልን ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ እያለ ይሄዳል። ሀሁ የቆጠረ ሰው ሁሉ መልሱን በቃሉ ያውቃል። ያልቆጠሩም አሉ፤ በቁቤ የተማሩ። ለእነሱ የአፋን ኦሮሞ ቃል ውስጥ ስንት ፊደል እንዳለ የሚቆጥር ፕሮግራም ሰጠሁ። በቁቤ ዲ እና ኤች ተጣምረው አንድ ፊደል ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ይላቸዋል። አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት እርምጃ መዝለል ስላለባቸው በእኩል እርምጃ እየሄደ የሚደግመው ፎር ሉፕ አልመች አላቸው። እርምጃውን ራሳቸው የሚወስኑበት ዋይል ሉፕ ለምን እንደሚያስፈልግ ያኔ ገባቸው።

ሁሉም ርዕስ እንዲህ አይመችም። ለሪከርሽን (ፕሮግራሙ ራሱን መልሶ ለሚጠራበት) ከቤት የሚመጣ ምሳሌ አላገኘሁም። እዚያ ላይ የማደርገው ኮዱን ከማስነሳታቸው በፊት የሚወጣውን መልስ ደብተራቸው ላይ እንዲጽፉ ማድረግ ነው። መብራት ቢጠፋም ክፍለ ጊዜው አይባክንም።

ፈተናዬም ተቀይሯል። ልክ የሚመስል ኮድ እሰጣቸዋለሁ። እነሱ ኮዱን የሚያሳስቱትን ቁጥሮች ፈልገው፣ መውጣት የነበረበትን መልስ ከጎኑ ይጽፋሉ። ነጥቡ ኮድ ለመጻፍ ከምሰጠው እኩል ነው።