የዛሬን ብቻ መለመን እንዴት እንደተማርኩ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነቅቼ ጣሪያ እያየሁ ሂሳብ የምሠራበት ጊዜ ነበር። የቤት ኪራይ 3000፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ጤፉ ስንት ቀን ይወስደናል፣ ዘይቱስ፣ ከዛ ድጋሚ ከመጀመሪያው። ሂሳቡ አንድ ቀን እንኳን ሞልቶልኝ አያውቅም ግን አላቆምም፣ ምክንያቱም ካላሰብኩ ልጆቼን የተውኳቸው ይመስለኝ ነበር። መጨነቅ ማለት እናትነት ይመስለኝ ነበር፣ ስለዚህ ሰው "አትጨነቂ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ሲለኝ እናደዳለሁ፣ እሺ እኔ ካልተጨነቅኩ ማን ሊጨነቅላቸው ነው እላለሁ በውስጤ።

ነገሩ የጀመረው 2014 ላይ ነው። እኔ የልብስ ፋብሪካ ኦፕሬተር ነበርኩ። ሀዋሳ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተከፈተ ወዲህ እንደኔ ያለች ሴት የሌለችበት ግቢ ማግኘት ከባድ ነው። ታህሳስ 23 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ የሚከፈልበት ሆነ፣ ትዕዛዝ ቀነሰ ተባለ፣ የካቲት ላይ ብዙዎቻችን ወጣን። ባሌ ባጃጅ ይነዳል፣ ባጃጁ የሰው ነው፣ በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ አስገብቶ የተረፈችው ናት የኛ። ያ ሰሞን ደሞ ዘይት የጠፋበት ነበር ታስታውሱ እንደሆነ፣ 5 ሊትሩ 1000 ብር ገባ እየተባለ ሰው ሱቅ ለሱቅ ሲዞር የነበረ ጊዜ፣ ያውም የዓቢይ ጾም ገብቶ፣ ያለ ዘይት ሽሮም አይሆን ምንም አይሆን።

ከጭንቀቱ ያነቃችኝ ልጄ ናት። ያኔ 7 ዓመቷ ነበር። እራት ላይ እንጀራ ልጨምርላት ስል "አልራበኝም" አለች፣ በነጋታውም እንደዛው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ታማ ይሆናል ብዬ ግንባሯን ስዳብስ ቀስ ብላ "ጤፉ እስከ ወር መጨረሻ አይደርስም ብለሻል ኮ" አለችኝ። ተኝታለች ብለን ከባሌ ጋር ማታ ማታ የምናወራውን ሁሉ ትሰማ ነበር። እናትነት ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ልጄን ከማዕድ እያስነሳት ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ያለቀስኩትን ልቅሶ አልረሳውም።

ቅዳሜውን የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፣ ሥራው፣ ዘይቱ፣ ልጅቷ፣ እንቅልፉ፣ ጨጓራዬም ተነስቶብኝ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና "እስከዛሬ ጦማችሁን ያደራችሁበት ቀን አለ?" አሉኝ። አሰብኩ። ያነሰበት ቀን አለ፣ ጨው በበርበሬ የበላንበት አለ፣ ጦማችንን ያደርንበት ግን የለም። "እንግዲህ አንቺ እስካሁን ያልደረሰውን ረሃብ ነው ሌሊት ሌሊት ስትራቢ የከረምሽው" አሉኝ። ከዛ ኤልያስን አንብቢ ብለው ላኩኝ፣ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 17።

ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ቁራዎች እንዳበሉት ምናምን። ግን በዚያ ሰሞን ሳነበው ሌላ ታሪክ ሆነብኝ። ኤልያስ ኮራት ፈፋ የተቀመጠው እግዚአብሔር ራሱ ሂድ ብሎት ነው፣ ውኃ የሚጠጣው ከፈፋው ነው፣ ከዛ ፈፋው ደረቀ። እግዚአብሔር የሰጠው ፈፋ! እኔ ሥራዬን ሳጣ ምን በደልኩ፣ ለምን ተወኝ እያልኩ ነበር የከረምኩት፣ እዛ ላይ ግን ፈፋው የደረቀው ኤልያስ ስለበደለ አይደለም፣ ዝናብ ስለሌለ ነው፣ እንደዛ ነው የሚለው። የኔም ፈፋ የደረቀው እኔ በማላውቀው አገር በተወሰነ ነገር ነው። ቀጥሎ ደሞ እግዚአብሔር ሰራፕታ ሲልከው ወደ ሀብታም ቤት አልላከውም፣ እፍኝ ዱቄትና ትንሽ ዘይት ወደቀራት መበለት ነው የላከው፣ እሷም እንጨት እየለቀመች የነበረው እሱን ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ልትሞት ነው። ለሱ ጋግራ ከሰጠችው በኋላ የዱቄቱ ማድጋ ሞላ አይልም ስታዩት። አላለቀም ነው የሚለው። ዘይቱም አልጎደለም። በየቀኑ ስታየው ያው ትንሽ ነው እኮ፣ በየቀኑ ግን አለ። ይሄ ለኔ በተለይ ስለ ዘይት በማልምበት ሰሞን ምን ማለት እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም።

ከዛ አባታችን ሆይ ስል አንዲት ቃል ያዘችኝ። የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ። ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ እያልኩት ልቤ ግን የዓመቱን እንጀራ ነው ሲለምን የኖረው፣ የዓመቱን አሁኑኑ አሳየኝና ልተኛ ነው የምለው። ማቴዎስ 6 ላይ ደግሞ ይሄ ጸሎትና ለነገ አትጨነቁ የሚለው አንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው፣ ይሄንን ከዛ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

የሰማይን ወፎች ተመልከቱ የሚለውንም በእውነት ሄጄ ተመለከትኩ። አንድ ቀን ለባሌ ምሳ ካደረስኩ በኋላ አሞራ ገደል፣ የሀዋሳው አሳ ገበያ፣ ወረድኩና ሐይቁ ዳር ቁጭ አልኩ። አባ ኮዳዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ ትልልቆቹ፣ ራሰ በራዎቹ፣ አሳ የሚበልቱት ልጆች አጠገብ እንደ ሽማግሌ የሚቆሙት። አንድ ሰዓት ያህል አየኋቸው። ጎተራ የላቸውም፣ ግን ደሞ ቤታቸው ተቀምጠው አይጠብቁም፣ በጠዋት ይመጡና እጅ ካለበት ቦታ አይርቁም። ሳይጣልላቸው ሲቀር ጥለው አይሄዱም። እኔ ግን በችግሬ ሰሞን ከሰውም ከቤተ ክርስቲያንም ርቄ ቤቴን ዘግቼ ነበር የተቀመጥኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የቅዱስ ገብርኤል ጽዋ ማህበር አለን፣ 12 ነን፣ በየወሩ በ19 እየዞረ ይጠጣል። ያን ዓመት የካቲት 19 ጽዋውን የተረከብኩት እኔ ነኝ፣ ለመጋቢት ማለት ነው፣ በወሩ ውስጥ ሥራዬ ሄደ። የኛ ማህበር ደሞ ከጊዜ ወዲህ ጽዋ መሆኑ ቀርቶ ድግስ ሆኖ ነበር፣ ዳቦና ጠላ ብቻ መሆኑ ተረስቶ፣ ጾምም ቢሆን አምስት ስድስት ዓይነት ወጥ፣ ለስላሳ በሳጥን፣ ጎረቤት ሁሉ ይጠራል። ለዛ ቢያንስ 4000 ብር ያስፈልገኛል። ባሌ "ልበደር" አለኝ። እኔ ደሞ ታምሜያለሁ ልበልና ተራዬን ላሳልፍ ብዬ ነበር፣ ይሄን ውሸት ሁለት ቀን ሙሉ ተለማምጄዋለሁ፣ በገብርኤል ስም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ያኔ የገባኝ ነገር፣ ከጭንቀቴ ስር ያለው ረሃብ መፍራት ብቻ አልነበረም። ሰው እንዳያውቅብኝ ነበር የምጨነቀው። እግዚአብሔር እንዲሰጠኝ እፈልጋለሁ ግን ማንም ሳያይ፣ በድብቅ፣ ሙሉ ሆኜ እንድታይ። ኤልያስ ግን እኮ ለምኖ ነው የበላው። ያን ያህል ነቢይ ሆኖ አንዲት ድሃ ሴት ጠርቶ ውኃ ስጪኝ፣ ቁራሽ እንጀራም ይዘሽልኝ ነይ ነው ያላት።

የማህበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቤታቸው ሄድኩና "ጋሼ፣ ቸግሮኛል፣ ከዳቦና ከጠላ በላይ አልችልም" አልኳቸው። ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማውጣት በሩ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። እሳቸው ምንም አልደነቃቸውም። "ጽዋ ማለት እኮ እሱ ነው ልጄ" ብለው ብቻ ሸኙኝ። የ19 ማታ ቤቴ ዳቦ፣ ጠላና ቆሎ ነበር፣ ጸሎት ተደርሶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ሙሴው ራሳቸው "ቤት ያፈራውን አቅርባለች፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም እንደዚህ እናድርግ ወይ" ብለው ጠየቁ። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዛ አንዷ፣ ከሁላችን ይሻላታል ብዬ የማስባት፣ ጥር ላይ የደገሰችው በወለድ ተበድራ እንደሆነና እስካሁን እየከፈለች እንደሆነ ተናገረች። ሌላውም ከቁጠባው አውጥቶ እንደነበር ተናገረ። ለካ እርስ በርሳችን እየተፈራራን ነው ስንደግስ የነበረው። ደንቡ በዚያው ማታ ተቀየረ።

ሊወጡ ሲነሱ ደሞ አንዲት እናት፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው፣ ወደ ጓዳ ጠርተውኝ "አንቺ ስፌት ነበር አይደል የምትሠሪው፣ የሟቹ ሲንጀር፣ የስፌት መኪናው፣ ከአልጋ ስር ተቀምጧል፣ ውሰጂና ሥሪበት" አሉኝ። ይሄንን ሲንጀር ብዙ አስቤበታለሁ። ከኔ ቤት አራት ቤት አልፎ ነው የነበረው፣ እኔ ሌሊት ሌሊት ሳለቅስም እዛው ነበር። ቸግሮኛል ባልል እማማ በምን ያውቃሉ?

ይሄን ስጽፍ ሁሉ ነገር በአንድ ማታ ተስተካከለ እንዳይመስላችሁ። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሰፋው፣ እኔ ከሁለት ዓመት በላይ ኮሌታ ብቻ ነው ስሰፋ የኖርኩት፣ ሱሪ ማሳጠር እንኳን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን የሰው ሱሪ አበላሽቼ ከፍያለሁ። ቀስ በቀስ ግን ዚፕ መቀየር፣ ማሳጠር፣ ማጥበብ፣ መስከረም ሲደርስ ዩኒፎርም ጀመርኩ። ገቢው ትንሽ ነው፣ አንዳንድ ሳምንት ምንም የለም። ማድጋው ያው እንደዛ ነው።

በተግባር ምን አደረግሽ ለምትሉኝ፣ አንድ ደብተር ነው የያዝኩት። በአንዱ በኩል የዛሬ፣ በሌላው በኩል የእሱ፣ የእግዚአብሔር ማለት ነው፣ ብዬ እጽፋለሁ። የዛሬ የሚለው ላይ እኔ ዛሬ በእጄ ልሠራው የምችለው ብቻ ነው የሚገባው፣ ይሄን ሱሪ ጨርሺ፣ ለአከራይዋ እስከ 5 ታገሱኝ ብለሽ ደውዪ፣ እንደዚህ። የቀረው የእሱ ነው፣ ማታ ጸሎት ላይ ስሙን እየጠራሁ አንብቤለት ደብተሩን ሥዕለ አድኅኖው፣ የምንጸልይበት ሥዕል፣ ስር አስቀምጠዋለሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከባሌ ጋር ስለ ገንዘብ አናወራም፣ ይሄ ሕግ ነው ቤታችን። መጀመሪያ ሰሞን ሌሊት ተነስቼ ደብተሩን የከፈትኩባቸው ቀኖች አሉ፣ እና እንደገና መልሼ አስቀመጥኩት። ዕቁብ ደሞ እጥላለሁ በየሳምንቱ 100 ብር፣ እግዚአብሔርን የሚያምን ሰው አይቆጥብም የሚሉ አሉ፣ አይ፣ መጽሐፉ ራሱ ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ ብሎ ሰነፉን ይልካል እኮ። ጨጓራዬንም ጤና ጣቢያ ሄጄ ታክሜዋለሁ። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ ለተጨነቀ ሰው እምነትሽ ቢደክም ነው አትበሉት። ለኔ እንደዛ ያሉኝ ሰዎች ቤቴን እንድዘጋ ነው ያደረጉኝ፣ የጠቀመኝ "ጦም አድራችሁ ታውቃላችሁ ወይ" ብሎ የጠየቀኝና ሲንጀር የሰጠኝ ነው።

ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር በገበያ ይወሰን ተብሎ ዋጋ ሁሉ ሲንቀሳቀስ ያ የሌሊት ሂሳብ ተመልሶ መጣብኝ። የክርም የዚፕም ዋጋ ጨመረ፣ አከራይዋም ጨመሩ። ሁለት ሳምንት ያህል አልተኛሁም። ልዩነቱ አሁን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ አልከረምኩም፣ ለባሌም ለእማማም ተናገርኩ፣ ደብተሩንም እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ።

ልጄ አሁን 10 ዓመቷ ነው፣ እንጀራ ትጨምራለች። ነገ መጋቢት 19 ነው፣ ተራው ዞሮ እኛ ጋ ደርሷል፣ ደብተሩ ላይ ለዛሬ የቀረችኝ ዳቦ ማቡካት ብቻ ናት። የዚህ ወር ኪራይ ገና 900 ብር ይጎድለዋል፣ እሱ በሌላው በኩል ተጽፏል። ዱቄቱ አለ።