ብሬከሩን አጥፍቼ ነው ያደርኩት

«ሲስተር፣ ባትሪ ካልተጠቀሙበት አያልቅም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ አዲስ አበባ ወርክሾፕ ውስጥ ቆሜ፣ የሶላር መብራት ለተከልንላት የጤና ጣቢያ ነርስ፣ በስልክ። ድምፄ እንዴት እንደነበረ ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ አዋቂ ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ የሚያወጣው ረጋ ያለ ድምፅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሶላር ሲስተም ተክያለሁ፣ ብዙም ጠግኛለሁ። እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የሚከነክነኝ ግን የለም።

ጤና ጣቢያው ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተው፣ ደብረ ሲናን አልፈው፣ ሸዋ ሮቢት ሳይደርሱ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በሚወርደው ቆላ ውስጥ ነው። ጣርማ በር ላይ ጃኬት የደረበ ሰው እዚያ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። የመብራት መስመር አልገባም። የእኛ ሥራ ማዋለጃውን፣ ላቦራቶሪውን፣ ካርድ ክፍሉንና የተረኞቹን ማደሪያ በሶላር ማብራት ነበር። የክትባት ማቀዝቀዣው የራሱ ፓኔል ያለው፣ ቅዝቃዜውን ያለ ባትሪ በበረዶ የሚያቆይ ዓይነት ስለሆነ ከእኛ ሂሳብ ውጪ ነው። በኋላ የሆነውን ሳስብ ለዚህ አንድ ነገር አሁንም ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

የቀን ፍጆታው ከኢንቨርተሩ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ከሚለውጠው ዕቃ፣ ብክነት ጋር 3.2 ኪሎዋት ሰዓት ወጣ። ፓኔሉ ባለ 270 ዋት፣ 8 ፍሬ። ለባትሪው የሣልኩት 12 ባለ 2 ቮልት ሴሎች በአንድ ረድፍ ነበር፤ 24 ቮልት፣ 800 አምፔር ሰዓት። ይህ 19.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 9.6 ይሆናል፤ ፀሐይ ባትወጣ ሦስት ቀን ያቆያል። ለጤና ጣቢያው ሠራተኞችም «ሦስት ቀን» ብዬ በአፌ ነግሬያቸዋለሁ።

ዕቃው ሊጫን ሁለት ቀን ሲቀረው ሥራ አስኪያጃችን ጠራኝ። መጋዘን ውስጥ ከሌላ ሥራ የተረፉ ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪዎች አሉ፤ 8ቱን ሁለት ሁለት በሲሪስ (አንዱን ከአንዱ አስከትለን)፣ አራቱን ረድፍ ደግሞ በፓራለል (ጎን ለጎን) ብናደርጋቸው ያው 24 ቮልት 800 አይደለም ወይ አለኝ። ነው። ቁጥሩ አንድ ነው። ልዩነቱ ቁጥሩ ላይ እንዳልሆነ አውቅ ነበር፤ አወቅሁ እንጂ አልተናገርኩም። ሥዕሉን አሻሽዬ ፈረምኩበት።

ልዩነቱ ይህ ነው። በአንድ ረድፍ ውስጥ ያለ ሴል ሁሉ የሚያልፍበት ከረንት እኩል ነው፣ ሌላ ምርጫ የለውም። አራት ረድፍ በፓራለል ሲሆን ግን ሸክሙን የሚያካፍለው ኬብሉ ነው። በዚያ አገር ወላድን ከቀበሌ እስከ ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ይዘው ሲመጡ አይቻለሁ። ከአራቱ የአንዱ ትከሻ ከፍ ካለ ክብደቱ ወደሌላው ያጋድላል፤ ዳገቱ ላይ መጀመሪያ የሚወድቀውም ያ ነው። ባትሪም እንዲሁ ነው። ፖዘቲቩ ከአንደኛው ረድፍ ከወጣ ኔጋቲቩ ከአራተኛው መውጣት አለበት፤ ያኔ የእያንዳንዱ ረድፍ የመንገድ ርዝመት ይቀራረባል። ሁለቱም ከአንደኛው ረድፍ ከወጡ፣ አንደኛው ቅርብ ስለሆነ ሲሰጥም ሲቀበልም ከሁሉ በላይ ይሠራል። የኬብሉ ሬዚስታንስ (ከረንቱን የሚይዝበት መጠን) ከቁብ የማይቆጠር ይመስላል፤ ነገር ግን የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስም ጥቂት ሚሊ ኦም ብቻ ስለሆነ ያች ትንሽ ልዩነት ሚዛኑን ትወስደዋለች።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሁለቱንም ከአንደኛው ረድፍ አወጣኋቸው። ወርክሾፕ የተቆረጠው ባለ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል አራተኛው ረድፍ ጋ ሊደርስ አንድ ሜትር ያህል አጠረ። ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሆኗል፣ ሹፌሩ ጣርማ በር ላይ ጉም ሳይወርድብን እንውጣ እያለ ክላክስ ያደርጋል፤ ሌላ ኬብል ለማስመጣት ሁለት ቀን ይፈጃል። ተርሚናሎቹን አጠበቅሁ፣ ብሬከሩን ከፈትኩ፣ ማዋለጃው በራ። እናቶች እልል አሉ። ቴስተሩ 25.4 ቮልት አለ። ርክክቡ ላይ ፈረምኩና ወጣን። ይህ ጥቅምት ነው።

ሰኔ ላይ ሲስተር ደወለች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተራው በአብዛኛው የእሷ ነው። መብራቱ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየጮኸ ይጠፋል አለችኝ። የሚጮኸው ኢንቨርተሩ ነው፤ ባትሪ ሲያንሰው ያስጠነቅቃል። ከዝርዝሩ ውጪ የገባ ዕቃ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሳትደብቅ ነገረችኝ፦ ማደሪያው ውስጥ አንድ ካውያ አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዋን ይተኩሱበታል። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። በማግስቱ «ተጠቃሚው ከአቅም በላይ ጭነት በመጨመሩ» የሚል ሪፖርት ተጽፎ ወጣ። ባለ 1000 ዋት ካውያ ለግማሽ ሰዓት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በሳምንት አንዴ። ሂሳቡን ለመሥራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ የሠራው ግን አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

ከሳምንት በኋላ እንደገና ደወለች።

«ኢንጂነር፣ ትናንት ብሬከሩን አጥፍቼ ነው ያደርኩት። ምንም አላበራንም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ስክሪኑ 25.2 ይላል፣ ጠዋት 24.1 ሆኖ አገኘሁት። ሳንጠቀምበት ነው የሚያልቀው።»

መልሴን ከላይ ጽፌዋለሁ። ጨምሬም አብራራሁላት፦ ቻርጅ ሲቆም ቮልቴጅ ትንሽ ይወርዳል፣ የተለመደ ነው፤ ጄል ባትሪ በራሱ የሚያጣው በወር ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን ቻርጅ ካቆመ ባትሪ ላይ የሚረግፈው የላይኛው ቮልቴጅ ነው፣ ከ28 ወደ 25 የሚወርደው። እሷ የለካችው 25.2 ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲያ በአንድ ሌሊት 1.1 ቮልት ያለ ጭነት መውረድ የለበትም። ይህን የሙያ ጀማሪ ተማሪ ያውቀዋል። ያን ቁጥር ሌላ ቴክኒሻን ቢነግረኝ ኖሮ በዚያው ሰዓት መኪና እጠይቅ ነበር።

የሄድኩት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው፣ ያውም ሌላ ሥራ በዚያ መስመር ስለነበረን።

የባትሪ ክፍሉን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ከበሩ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ባትሪዎች፣ አንደኛው ረድፍ ማለት ነው፣ ጎናቸው አብጧል። እጄን ሳሳርፍባቸው ማቆየት አልቻልኩም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅሁ፤ ፓኔሉንም ኢንቨርተሩንም ለየሁና ክላምፕ ሜትሩን፣ ኬብል አቅፎ ከረንት የሚለካውን፣ በየረድፉ ማገናኛ ላይ አዞርኩ። ሁሉም ዜሮ ማለት ነበረበት። አራተኛው 3.4 አምፔር ይሰጣል፣ ሦስተኛው 3.6፣ ሁለተኛው 4.0። አንደኛው 11 አምፔር ይቀበላል።

ሲስተር በሩ ላይ ቆማ የእጅ ባትሪ ታበራልኝ ነበር። ምንም አልጠየቀችኝም። ያለ ጭነት፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ ሦስቱ ረድፍ አንዱን ሲመግቡ ያድራሉ። ከአንደኛው ረድፍ ባትሪዎች በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሴል ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሆኗል። ስለዚህ ያ ረድፍ 12 ሴል መሆኑ ቀርቶ 10 ሆኗል፤ የሌሎቹ ቮልቴጅ ለእሱ ከፍተኛ ቻርጅ ነው። ቀን ቀን ደግሞ ለ12 ሴል የታሰበው 28.2 ቮልት አስሩ ላይ ያርፋል፣ ይቀቅላቸዋል። 11 አምፔር በ12 ሰዓት 132 አምፔር ሰዓት ነው፤ ወደ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት። ጤና ጣቢያው ሙሉ ቀን ከሚጠቀመው ጋር እኩል፣ በየሌሊቱ ወደ ሙቀት እየተለወጠ። በጋ ቢሆን ፓኔሉ ሊሸፍነው ይችል ነበር፤ ክረምቱ ነው ያጋለጠው።

ያ ረድፍ ለምን ቀድሞ ሞተ የሚለውን ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። ኔጋቲቩ ኬብል፣ ያ አንድ ሜትር ያጠረው፣ እፊቴ ነበር።

«ሲስተር» አልኳት፣ «ልክ ነበሩ። ሳትጠቀሙበት ነው የሚያልቀው።»

«ቁጥሩን ስነግርዎ ይህን አላሰቡትም ነበር?»

የቁጣ ድምፅ አልነበረም። የምር ማወቅ ፈልጋ ነው። ብዙ ልመልስ የምችለው ነገር ነበረኝ፤ በስልክ መለየት ያስቸግራል፣ ክላምፕ ሳይዙ አይታወቅም። ሁሉም ግማሽ እውነት ነው።

«አላመንኩዎትም» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ያን ብሬከር ያጠፋችበትን ሌሊት ነገረችኝ። ምጥ ላይ ያለች ሴት በሌለችበት ሌሊት ለመሞከር አራት ቀን ጠብቃለች። እኩለ ሌሊት ላይ ግን አንዲት በቃሬዛ መጣች። ብሬከሩን ልመልሰው ብላ አሰበች፤ ከመለሰችው ጠዋት «ተጠቅማችሁበታል» እንደምላት ገባት። መብራቱ ቢመለስም ለሁለት ሰዓት እንደማይቆይ ታውቃለች። በእጅ ባትሪ አዋለደች። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ያን ቁጥር ነው በማግስቱ በስልክ ያነበበችልኝ፣ እኔም ስለ ቮልቴጅ ጠባይ ያብራራሁላት።

ሌሊቱን ሙሉ ሠራሁ። አንደኛውን ረድፍ ነቅዬ አወጣሁ። ለቀሩት ሦስቱ የመዳብ ባር ሠርቼ፣ ከእያንዳንዱ ረድፍ እኩል የተቆረጠ ኬብል አመጣሁ፣ ለእያንዳንዱም የራሱን ፊውዝ አደረግሁ። ያ ፊውዝ ከመጀመሪያው ሊኖር ይገባ ነበር። እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው መለየት የሚቻልበት ነገር ቢኖር ሲስተር ራሷ በስልክ እየነገርኳት ጥፋተኛውን ታገኘው ነበር። 600 አምፔር ሰዓት ቀረ፤ ሁለት ቀን ከሩብ። ከእንግዲህ ሦስት ቀን እንዳይጠብቁ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ማታ ስንት፣ ጠዋት ስንት እያለች ጻፈችልኝ፤ 25.2፣ 25.1።

አሁን ከርክክብ በፊት አንድ ሌሊት ሁሉንም ዘግቼ አድራለሁ፣ በየረድፉም ክላምፕ አዞራለሁ። ሰው ሲደውልልኝ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄም ምን ጨመራችሁ የሚለው አይደለም፤ ምን አያችሁ ነው። ሥዕል ሲለወጥብኝ ግን አሁንም ሁልጊዜ እንቢ እላለሁ ማለት አልችልም። ባለፈው ዓመት በሌላ ሥራ ላይ አምስት ረድፍ እንዳደርግ ተጠይቄ ሦስት ቀን ተከራክሬ አራት ላይ ተስማማሁ፤ እኩል ኬብል ቆርጬ፣ ፊውዝ አድርጌ። ደህና ይሠራል። እንቅልፍ ግን አልሰጠኝም።

ከሐምሌው ጉዞ ስመለስ ባለ ሦስት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ፦ የባትሪው ለውጥ፣ ያጠረው ኬብል፣ የእኔ ፊርማ፣ የክላምፕ ቁጥሮቹ፣ የሲስተር ልኬትም ቀኑ ተጽፎ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ «ይህ ለውስጥ ይቆይ» አለ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት፤ አልወጣም። ከዚያ ቢሮም ለቅቄያለሁ።

በጥር በዚያው መስመር ሳልፍ ጎራ አልኩ። ማዋለጃው በርቷል። ማደሪያው ውስጥ ሁለት ተረኞች ያልተተኮሰ ጋዋን ለብሰው ሻይ ይጠጣሉ። ካውያውስ አልኩ። በመጀመሪያው ሪፖርት መሠረት ከበላይ በመጣ ደብዳቤ ንብረት ክፍል ገብቶ ታሽጓል፤ ሊያስወጡት ጠይቀው የሚፈርምላቸው አልተገኘም።