ነጥብ የሚለቀምበት ጥግ፦ ከትንሽ ኮሌጅ የአትሌቲክስ ቡድን ጋር የከረምኩበት የውድድር ዓመት

በኮሌጅ አትሌቲክስ የቡድን ሻምፒዮና ላይ 100 ሜትር ያሸነፈ ለቡድኑ 10 ነጥብ ያስገኛል። ጦር ውርወራ ያሸነፈም ያው 10 ነጥብ ነው። ከዚያ በታች 8፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 እያለ እስከ 8ኛ ደረጃ ይወርዳል። ተመልካቹ ግን ለሁለቱ እኩል አያጨበጭብም፤ ጦር ሲወረወር አብዛኛው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ መሙን ነው የሚያየው። ዘንድሮ አሜሪካ ውስጥ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ቡድን በጎ ፈቃደኛ ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ ስከርም ከምንም በላይ የተማርኩት ይህንን ነው፤ ትንሽ ቡድን ነጥቡን የሚለቅመው ሰው ከማያይበት ጥግ ነው። እንደ እኔ ከሩጫ ብቻ ተነስታችሁ ወደ ማሠልጠን ለምትገቡ ይጠቅማል ብዬ ማስታወሻዬን አሰባስቤ አቀርባለሁ።

ቡድናችን የሚወዳደረው የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት በሚመራው ማኅበር በኤንሲኤኤ ሦስተኛ እርከን፣ ዲቪዥን 3 ነው። በዚህ እርከን ኮሌጆች በስፖርት ችሎታ የነጻ ትምህርት ዕድል መስጠት አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ልምምድ ላይ የሚገኝ ተማሪ ሁሉ ወዶ የመጣ ነው። ፈተና ሲኖርበት ይቀራል፣ ላብራቶሪ ባለበት ቀን ዘግይቶ ይደርሳል፣ ዋና አሰልጣኙም አይቆጡም። አሁን የሳምንቱን ዕቅድ የማወጣው የልጆቹን የክፍል ፕሮግራም ከፊቴ ዘርግቼ ነው። ለፈተና ሲያድር የሰነበተን ልጅ ሙሉ ፍጥነት ማስሮጥ የኋላ ታፋ ጡንቻውን ለጉዳት ማጋለጥ ነውና፣ በዚያ ሳምንት ሥራው ቅልል ይላል።

ከዚህ እርከን ትልቅ አትሌት አይወጣም የሚል ሰው ሲገጥመኝ አሜሪካዊውን የ800 ሜትር ሯጭ ኒክ ሲመንድስን አነሳለታለሁ። ዊላሜት ከተባለ አነስተኛ የዲቪዥን 3 ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ 800 ሜትር ፍጻሜ በ1:42.95 አምስተኛ ሆኗል። በ2013 የሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ የእኛው መሐመድ አማን ወርቁን ሲወስድ ከኋላው ገብቶ ብሩን የወሰደው እሱ ነበር። ያንን ውድድር ደጋግማችሁ ያያችሁ ሁሉ ሲመንድስን ታውቁታላችሁ፤ የመጣበትን መንገድ ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም።

ዓመቱ ሁለት ወቅት አለው፤ ከዲሴምበር እስከ ማርች አጋማሽ የቤት ውስጥ፣ ከዚያ እስከ ሜይ መጨረሻ የውጭ። ስለ ቤት ውስጡ ብዙ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ጠፍጣፋ የ200 ሜትር መም ጥምዙ ላይ ሯጩን ወደ ውጭ ስለሚገፋው፣ ጥምዙ ከፍ ተደርጎ ከተሠራው ወይም ዙሩ ከ200 ሜትር ከሚበልጠው መም ይልቅ ሰዓት ይበላል። ኤንሲኤኤም የዓመቱን ደረጃ ሲያወጣ ሰዓቱን እንደ መሙ ዓይነት ያስተካክላል። ጠፍጣፋ መም ላይ የተሮጠ ሰዓት አይቶ የሚያዝን ልጅ ካላችሁ ይህንን ንገሩት።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 100 ሜትር፣ 1600 ሜትር፣ አሎሎ፣ ዲስከስ፣ ርዝመት ዝላይ እየተወዳደሩ ነው የሚያድጉት። 3 ሺህ ሜትር መሰናክልና መዶሻ ውርወራ ግን በአብዛኛው ግዛት የሉም፤ ጦር ውርወራም ያለው በጥቂቶቹ ብቻ ነው። እንግዲህ ኮሌጅ ሲገቡ በእነዚህ ሦስት ውድድሮች ሁሉም ማለት ይቻላል ጀማሪ ነው። በ100 ሜትር አንድን ልጅ ከ11 ሰከንድ ወደ 10.6 ማውረድ ዓመታት ይፈልጋል፣ ያም ላይሳካ ይችላል። በጦር ወይም በመሰናክል ግን ሥራውን በሥርዓት የጀመረ ልጅ በአንድ ብርድ ወራት ከሌሎቹ ጀማሪዎች ቀድሞ ሊገኝ ይችላል። ዋና አሰልጣኙ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገሩኝና ሁለት ልጆች ሰጡኝ፤ አንዷ የ1500 ሜትር ሯጭ፣ ሌላዋ ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ሶፍትቦል (ቤዝቦል የሚመስል የኳስ ጨዋታ) ትጫወት የነበረች።

ሯጯ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። እኔን «ጋሼ» ትለኛለች፤ አሁን ግማሹ ቡድን በዚሁ ስም ይጠራኛል። 1500 ሜትር ላይ ኮንፈረንሳችን (አብረውን የሚወዳደሩት ኮሌጆች ማኅበር) ውስጥ ከእሷ የሚፈጥኑ ብዙ ስለነበሩ ነጥብ ውስጥ መግባቷ ያጠራጥር ነበር። 3 ሺህ ሜትር መሰናክል ስላት የለሜቻ ግርማን የ2023 የፓሪስ ክብረ ወሰን፣ 7:52.11ን፣ ጠቅሳ ሳቀች፤ ስታየው ቀላል ይመስላል አለችኝ። ውድድሩ 28 ደረቅ መሰናክልና 7 የውሃ ዝላይ አለው። የሴቶቹ ከፍታ 76.2 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የወንዶቹ 91.4 ነው። የአጭር ርቀት መሰናክል ሲነኩት ይወድቃል፤ ይህ ግን አይወድቅም። ከባድ ግንድ ነው፤ ጉልበት ከመታው የሚወድቀው ሯጩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ፍርሃትን ማስወገድ ነው።

የኮሌጃችን መም የውሃ ጉድጓድ የለውም። ይህ እንቅፋት እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊው የመሰናክል ሯጭ ኤድዊን ሞሰስ ሞርሃውስ ኮሌጅ ፊዚክስ ሲማር ኮሌጁ የራሱ መም እንኳ አልነበረውም፤ በ1976 ሞንትሪያል ላይ የ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ በዓለም ክብረ ወሰን ወሰደ። በመሰናክሎቹ መሃል ያለውን 35 ሜትር በ13 እርምጃ የሚሸፍንበት ልማድም ከቁጥርና ከትዕግሥት የመጣ ነበር። እኛም ርዝመት ዝላይ የሚያርፉበት አሸዋ ጠርዝ ላይ ወፍራሙን መሰናክል አቆምን። እሷ ትንደረደራለች፣ የፊት እግሯን ውስጠኛ ክፍል እንጨቱ ላይ ታሳርፋለች፣ ጉልበቷን አጥፋ ዝቅ ብላ ታልፋለች፣ ከዚያ እንጨቱን ወደ ኋላ ገፍታ አሸዋው ላይ በአንድ እግር ታርፋለች። አሸዋው ላይ የጫማዋን አሻራ እያየን በየቀኑ መስመር እናሰምር ነበር። አሻራው ከመሰናክሉ በራቀ ቁጥር የእውነቱ ጉድጓድ ላይ ጥልቁን ውሃ አልፋ ወደ ጠርዙ ቀረብ ብላ ታርፋለች ማለት ነው። ቀጥላ የምታነሳው እርምጃ ከአሸዋው ውጭ ካልዋለ እንደግመዋለን። በሁለት እግሯ ካረፈች ሩጫው ቆመ ማለት ነውና እሱን ከሁሉ አስቀድመን ነው ያስተካከልነው።

አንድ ቀን ማሟሟቂያ ላይ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ሁልጊዜ በግራ እግሬ ነው የምነሳው። ችግር አለው?»

«ውሃው ላይ ችግር የለውም፣ የኔ ልጅ። ደረቆቹ ላይ ግን በሁለቱም መነሳት ልመጂ። ሰው መሃል ስትሆኚ እርምጃሽን የምትቆጥሪበት ቦታ አታገኚም።»

እውነትም ትልቁ ጣጣ እዚያ ነው። ብቻዋን ስትሮጥ ከመሰናክሉ ከ10 እስከ 15 ሜትር ሲቀራት ፈጠን ማለትን ቶሎ ለመደችው። ከፊቷ ሦስት ሯጮች ሲደረደሩ ግን እንጨቱን የምታየው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ሌሎች የረጅም ርቀት ልጆችን ለምነን በቡድን እንዲሮጡላት አደረግን፤ አንዳንዴ ከፊቷ፣ አንዳንዴ ከጎኗ። ከዚያ በኋላ እየተጠጋች ስትሄድ አጭር እርምጃ መደርደሯን ተወች። መሰናክል የምታሠለጥኑ ካላችሁ ይህን ልምምድ አጥብቄ እመክራለሁ።

ወደ ጦሩ ስመጣ፣ የሶፍትቦል ልጅ ክንድ አላት፣ ክንዷ ግን ኳስ የለመደ ነው። ኳስ ሲወረወር እጅ በጎን ሊመጣ ይችላል። ጦር በጎን ከመጣ አቅጣጫውን ይስታል፣ የክርንን የውስጥ ጅማትም ይጎዳል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ክርኗ ከትከሻዋ በላይ እንዲያልፍ ብቻ ቆማ አስወረወርኳት፤ ቀለል ያለ ኳስ ግድግዳ ላይ፣ ከዚያ ጦሩን ቅርብ ሣር ላይ እንዲሰካ። የሴቶች ጦር 600 ግራም፣ የወንዶች 800 ግራም ነው። ክብደቱ ቀላል መሆኑ ጀማሪን ያታልላል፤ ገና ሳያሟሙቁ በሙሉ ኃይል መወርወር ይመጣል። እዚህ ላይ ጠበቅ በሉ።

ጦር ለምን እንዲህ እንደሚበር ማንበብ ብዙ ረድቶኛል። በ1984 የምሥራቅ ጀርመኑ ኡቬ ሆን 104.80 ሜትር ወረወረ። ሜዳው ሊጠብ ምንም አልቀረውም፤ ደግሞም የዚያ ዘመን ጦር ብዙ ጊዜ ተንሳፍፎ በጫፉ ሳይሆን በደረቱ ስለሚያርፍ ዳኞች ይቸገሩ ነበር። በ1986 የወንዶቹ፣ በ1999 ደግሞ የሴቶቹ ጦር የክብደት ማዕከል ወደ ፊት ተገፋ፤ ከዚያ ወዲህ ጫፉ ቶሎ ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው ጫፉን ሰማይ ላይ መቀሰር ሜትር የማይጨምረው። ልጅቷን «በጫፉ በኩል ወርውሪው» እላታለሁ፤ ማለትም ጉልበቷ ሁሉ በዘንጉ መስመር ይሂድ፣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ ጫፉ ዝቅ ይበል። የኤፕሪል ውድድሮቻችን ሁሉ ነፋስ ነበራቸው፤ ይህን ያስተማራት ከእኔ ይልቅ ነፋሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጦር ውርወራ ላይ ዘግይቶ የገባኝ የግራ እግር ነገር ነው። በቀኝ የሚወረውር ሰው ግራ እግሩ መጨረሻ ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ ከታጠፈ የመንደርደሪያው ፍጥነት እዚያው ይሞታል። እግሩ ቀጥ ብሎ ከተተከለ ዳሌው ይቆምና ትከሻው ይወነጨፋል። ስልክ መሬት ላይ አስቀምጬ ከጎን በዝግታ እየቀረጽኩ አሳየኋት። ስነግራት ያልገባት ስታየው ገባት፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን ራሷ ናት የምታስቀምጠው።

የኮንፈረንሱ ሻምፒዮና ሲደርስ ከዋና አሰልጣኙ ጋር ቁጭ ብለን ማን ምን ይወዳደር የሚለውን አወጣን። ለኔ የዓመቱ ምርጥ ምሽት እሱ ነበር። ብዙ ሰው ያለው ቡድን በየውድድሩ ሦስት አራት ሰው ያስገባል። እኛ ግን አንድ ሰው ሁለቴ እንዲሮጥ ካደረግን ከሁለተኛው ውድድር በፊት ምን ያህል እንደሚያርፍ መቁጠር አለብን። ሯጯ የመጀመሪያው ቀን መሰናክል ብቻ ትሩጥ፣ 1500 ሜትሩ ይቅር፣ በማግስቱ ጉልበት ካላት 5 ሺህ ሜትር ትግባ አልን። እሷ 1500 ሜትሩን መተው አልወደደችም። ኮምፒውተሩን አዙረን በየውድድሩ የተመዘገቡትን ሰዓታት አሳየናት፤ አየችና ተስማማች።

መሰናክሉን አራተኛ ሆና ጨረሰች፤ 5 ነጥብ። መጨረሻው ውሃ ላይ ሁለት ሯጮች በሁለት እግራቸው አርፈው ሲቆሙ እሷ በአንድ እግር ወጥታ አለፈቻቸው። ሌላዋ በጦር ሦስተኛ ሙከራዋ ላይ ከዘጠኙ ውስጥ ገባች (በኮሌጅ ደንብ ለተጨማሪ ሦስት ሙከራ የሚያልፉት 9 ናቸው)፣ አምስተኛው ላይ የራሷን ምርጥ ወርውራ ስድስተኛ ወጣች፤ 3 ነጥብ። ሁለቱ ያስገኙት 8 ነጥብ፣ በቡድን ከበላያችን ከነበረው ኮሌጅ በላይ አስቀመጠን። የኮሌጁ የፊዚክስ መምህር አጥሩ ላይ ተደግፈው እስከ ስድስተኛው ውርወራ ድረስ አዩ፤ ከዚያ በፊት የመሰናክልም የጦርም ውድድር አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

ለቀጣዩ ዓመት ያሰብኩት መዶሻ ነው። ሽክርክሩን እኔው ራሴ ተምሬ መጨረስ አለብኝ፤ በጋውን ተረከዝና የእግር ጫፍ መዞሩን ያለ መዶሻ፣ ከዚያ በመጥረጊያ እንጨት እለማመዳለሁ። ለጦር ደግሞ ከውድድሩ ክብደት ቀለል ያሉ የልምምድ ጦሮች እንዲገዙ ጠይቄያለሁ። አሸዋው ጠርዝ ላይ የሚቆመው መሰናክል በሴፕቴምበር ከአዲሶቹ ተማሪዎች ጋር ይወጣል፤ ከወንዶቹ ሁለቱ አሁኑኑ ስማቸውን ሰጥተውኛል። መዶሻ ያሠለጠናችሁ ካላችሁ ለጀማሪ መጀመሪያ ምን እንደምታስተምሩ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።